ፊደል መቍጠርና ማንበብ፤ ለሕፃናት ንባብን የሚያስተምር መምህር ስለሚያስፈልገው ዝግጅት

ሕፃን ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ በአባቱና በእናቱ ፊት ቆሞ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል በዜማ ሲወርደው መስማት እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። አባት ይኰራል፤ እናት እልል ትላለች፤ እንግዳም ቢኖር «ይህ ልጅ ነገ ትልቅ ሰው ይሆናል» ብሎ ይመርቃል። ይህ ደስታ የተገባ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በዚያው ሰዓት አንድ ነገር ብታደርጉ መልካም ነው። የልጁን ዜማ አስቁማችሁ ከገበታው መካከል አንዱን ፊደል በጣት እያመለከታችሁ «ይህ ማን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ወዲያው ቢመልስ መምህሩን አመስግኑ። ዝም ቢል ግን፥ ወይም ከሀ እንደ ገና ተነሥቶ እየዘመረ ወደዚያ ፊደል ለመድረስ ቢሞክር፥ ልጁ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን እንዳልሆነ ዕወቁ።

ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን አይደለም፤ በዕለት ሥራችን ላይ ከገጠመን ነገር የተነሣ ነው። በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስንሠራ ብዙ ዓመት ሆኖናል። ወደ መዝገብ ቤታችን ከመጡት ባለ ጉዳዮች አንዱ ዕድሜው ከ20 ዓመት ብዙ ያልራቀ ገበሬ ነበረ። ከአባቱ የወረሰውን እርሻ ለሦስት መከር ማከራየቱን ያምን ነበር፤ ባላጋራው ያቀረበው ውል ግን ዐሥር መከር ይላል። በውሉ ግርጌ የወጣቱ ስም በገዛ እጁ ተጽፎ ይታያል። ውሉን ከፍ ባለ ድምፅ ባነበብንለት ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ «እንዲህ መባሉን ዛሬ መስማቴ ነው» አለን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1728 እንደሚያዝዘው፥ ዓይነ ስውር የሆነ ወይም ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ያኖረው የጣት ምልክት ወይም ፊርማ፥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ወይም መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠለት በቀር ግዴታ አይሆንበትም። ይህ ሕግ ፊደል ለማያውቅ ሰው የተሠራ ጋሻ ነው። ወጣቱ ግን አራት ዓመት ትምህርት ቤት መዋሉን የሚመሰክር ወረቀት አለው፤ ስሙንም አሳምሮ ይጽፋል። ታዲያ «ማንበብ አልችልም» ቢል ማን ያምነዋል? ከቶ ያልተማረ ቢሆን ኖሮ ሕጉ በጠበቀው ነበር፤ በሚገባ የተማረ ቢሆን ኖሮ ራሱን በጠበቀ ነበር። እርሱ ግን በሁለቱ መካከል ቆሞ ያለ ጋሻ ቀረ።

እኛም ነገሩ ስለ ከነከነን፥ በወረቀት ላይ ገን ጽፈን «ይህ ማን ነው?» ብለን ጠየቅነው። ወጣቱ ጥቂት ካሰበ በኋላ በልጅነቱ በለመደው ዜማ ከሀ ጀመረ። ለን፥ ሐን፥ መን እያለ 25 ፊደላት አልፎ ገ ላይ በደረሰ ጊዜ ግን ሳያውቀው ዘሎት ሄደ። በዓይኑ የሚያየው ፊደልና በአፉ የሚጠራው ድምፅ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ አእምሮውም የጐደለ አልነበረም። የጐደለው ነገር ንባብን ማስተማር የሚያውቅ መምህር ነበረ።

ብዙ ሰዎች ንባብን ማስተማር ቀላል ሥራ ይመስላቸዋል። «ማንበብ የሚችል ሁሉ ማስነበብ ይችላል» ይላሉ። ይህ ግን ስሕተት ነው። መራመድ የሚችል ሁሉ የተሰበረ እግር ጠግኖ እንደማያስኬድ ሁሉ፥ የሚያነብም ሁሉ ለማያነበው መንገዱን ማሳየት አይችልም። እንዲያውም አዋቂ ሰው ንባብን እጅግ ከመልመዱ የተነሣ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደ ቸገረው ረስቶታል። የመምህር ዝግጅት ማለትም ይህን የተረሳ ችግር እንደ ገና ማስታወስና ለእያንዳንዱ ችግር መፍትሔውን ማወቅ ነው።

እኛ ፊደል የቈጠርነው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። የኔታ በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እያስነኩ ያስቈጥሩን ነበር፤ ስንደዶው ያልነካውን ፊደል አፍ አይጠራም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፥ የዚህን ሥርዓት ጥበብ ያስተዋልነው ካደግን በኋላ ነው። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው ለምን እንደ ሆነ በልጅነታችን አልገባንም ነበር። አቡጊዳ፥ ሄውዞ፤ በጉዲሃ፥ ዌዝሖ፤ እያለ የሚሄደው ገበታ የፊደሉን ተራና የቤቱን ተራ አንድ ላይ ያናጋል። አንደኛው ፊደል ግዕዝ፥ ሁለተኛው ካዕብ፥ ሦስተኛው ሣልስ እየሆነ በአግድም ይወርዳል። የሀሁን ዜማ ብቻ ይዞ የመጣ ልጅ በዚህ ገበታ ፊት መደበቂያ የለውም፤ ፊደሉን በመልኩ ካላወቀ ይያዛል። እንግዲህ ከላይ የነገርናችሁን ፈተና የቀድሞ ሊቃውንት በሥርዓት አድርገው በትምህርቱ ውስጥ አኑረውት ነበር።

ከአቡጊዳ በኋላ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወንጌል፥ ከዚያም ዳዊት ይመጣል። ንባቡም ከቍጥር ተነሥቶ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ እስከ ቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እያንዳንዱ ተማሪ በየኔታ ወይም በታላቅ ተማሪ ፊት ብቻውን መቀመጡ ነው፤ በብዙ ድምፅ መካከል ተሸሽጎ መዋል አይቻልም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ጕድለትም ነበረበት። የምናነበው ግዕዝ በቤታችን የማንናገረው ቋንቋ ስለ ነበረ፥ ዳዊት ደግመን ስንጨርስ የብዙውን ቃል ትርጓሜ አናውቅም ነበር። አለንጋውም የሚያስፈራ ስለ ነበረ የሸሸው ልጅ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባን። በዚያ የነበሩት መምህርት የላም ሥዕል ሰቅለው «ይህች ማን ናት?» ብለው ይጠይቁናል፤ «ላም» ስንል ቃሉን ለሁለት ከፍለው ላ፥ ም እያሉ ያሰሙናል። ከዚያ የመጨረሻውን ፊደል ለውጠው «ላብ» ያደርጉታል። በሌላ ቀን «ቤት» ብለው ጽፈው የመጀመሪያውን ፊደል በመለወጥ «ሴት» ያሰኙናል። ያን ጊዜ ፊደል ማለት የሚዘመር ብቻ ሳይሆን እንደ ግንብ ድንጋይ እየተነሣ የሚቀመጥ መሆኑ ገባን። በዚያም ቢሆን ጕድለት አልታጣም፤ ክፍሉ ብዙ ልጆች ስለ ነበሩበት ቀድመው የገባቸው እጃቸውን ሲያወጡ ወደ ኋላ የቀሩት ዝም ብለው ዓመቱን ይጨርሱ ነበር። ስለዚህ እኛ አንዱን አመስግነን ሌላውን ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ መልካም መምህር ከየኔታ አንድ በአንድ ማሰማትን፥ ከመምህርቷም ቃልን ፈትቶ መግጠምን ወስዶ ሁለቱን ቢያስተባብር ይሻላል እንላለን።

ሕፃን የሚናገረውን ቋንቋ ማንበብ እንደሚቀለው ቀድሞም የታወቀ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. በምፅዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል አሳትመዋል። ወደ ወለጋም ተመልሰው በዚያው ልሳን አስተምረዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በወሰነ ጊዜ፥ እነዚያ ሁለት ሰዎች በጥቂቱ የጀመሩት ነገር የአገር ሥርዓት ሆነ።

መምህርን ማዘጋጀትም እንዲሁ ቀስ በቀስ የመጣ ነገር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው ትምህርት ቤት መምህራኑን ያስመጣው ከግብፅ ነበረ። የአገር ልጆችን መምህር ለማድረግ ትምህርት ቤት የተከፈተላቸው ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አገሪቱ በሙሉ ለፊደል ተነሣች፤ ትምህርቱም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ብዙ ጐልማሶችና እናቶች በዚያ ዘመቻ ከጣት ፊርማ ወደ ብዕር ተሸጋግረዋል። ነገር ግን አስተማሪ ሆነው የዘመቱት አብዛኞቹ አጭር ሥልጠና ብቻ ያገኙ ወጣቶች ነበሩ፤ ከትምህርቱም በኋላ የሚነበብ ነገር በየመንደሩ ባለመኖሩ ያወቁትን የረሱ ጥቂቶች አይደሉም።

በ2002 ዓ.ም. በብዙ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባባቸው አንድ በአንድ ተመርምሮ ነበር። በዚያም ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ተገኘ። አስተውሉ፤ እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት አልሄዱም የሚባሉ አይደሉም፤ በወንበር ላይ ተቀምጠው የተገኙ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ፥ በሶማሊኛ፥ በሲዳምኛ፥ በወላይትኛና በሀዲይኛ ዐዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ብዙ መምህራን በነርሱ ሠለጠኑ። መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ ያለ መምህር ጦር ያለ ወታደር እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ለሕፃናት ንባብን የሚያስተምር መምህር ምን ምን ማወቅ ይገባዋል? እኛ እንደሚታየን አምስት ነገር ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ፥ ድምፅን ማስለየት ይወቅ። ልጅ ፊደልን ከማየቱ አስቀድሞ «ላም» የሚለው ቃል በምን ድምፅ እንደሚጀምርና በምን እንደሚጨርስ በጆሮው መለየት አለበት። ይህን ያልለየ ልጅ ፊደሉን ቢያየውም ከምን ጋር እንደሚያገናኘው አያውቅም።

ሁለተኛ፥ የፊደሉን መልክ በደንብ ያጥና። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ እንደ ተለያየ ነገር ማስጠናት ልጅን ማድከም ነው። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ወገቡ ቅጥል ያወጣል፤ ሣልስ ቅጥሉን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ኃምስ በእግሩ ቀለበት ያስራል። ይህን ደንብ ያሳየ መምህር ብዙ ድካም ያቀላል። ሳድስና ሳብዕ ግን ከደንብ ስለሚወጡ ጊዜ ወስዶ ለብቻ ማስጠናት ያሻል። እንደ ሰና ሸ፥ እንደ ነና ኘ፥ እንደ ጸና ጰ መልካቸው የሚቀራረበውንም በአንድ ቀን ደርቦ አለማስተማር ጥበብ ነው።

ሦስተኛ፥ ጽሕፈት የማያሳየውን ነገር ያስተውል። በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል በመልኩ አይለይም። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ የነገር ራስ፥ ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ ነው። ልጅ እነዚህን አሳስቶ ቢያነብ መምህሩ «ተሳሳትህ» ብሎ ከመቈጣት ይልቅ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አስነብቦ «የትኛው ይስማማል?» ብሎ ይጠይቀው። እንደ ኦሮምኛና እንደ ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በሚጻፉት ቋንቋዎች ግን መጥበቅም መርዘምም ፊደሉን በመድገም ስለሚታይ፥ የዚያ መምህር ዝግጅት ሌላ ነው። ስለዚህ ሁሉንም መምህር በአንድ ልክ ማሠልጠን አይበቃም፤ እያንዳንዱ በሚያስተምርበት ቋንቋ ጽሕፈት መሠልጠን አለበት።

አራተኛ፥ ንባብን ከማስተዋል አይለይ። ልጁ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ቢወርደው መጽሐፉን አስዘግቶ «ምን አነበብህ?» ብሎ ይጠይቀው። ባነበበው ላይ አንዳች መናገር የማይችል ልጅ ገና በመንገድ ላይ ነው እንጂ አልደረሰም።

አምስተኛ፥ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ይስማ። «60 ልጆች ይዤ እንዴት ይቻለኛል?» የሚል መምህር ይኖራል። በየቀኑ ስድስት ልጆችን ብቻ ቢሰማ በ10 ቀን ሁሉንም ያዳርሳል፤ የማን ንባብ እንደ ዘገየም በመዝገቡ ይይዛል። እኛ በፍርድ ቤት የእያንዳንዱን ባለ ጉዳይ ቃል ለየብቻው እንቀበላለን እንጂ ሁሉን በአንድ ጊዜ አስጩኸን አንጽፍም፤ የሕፃንም ጉዳይ ከዚህ አያንስም።

እነዚህ አምስት ነገሮች በቃል ትምህርት ብቻ አይያዙም። ልብስ ሰፊ የሚሆን ሰው ስለ መርፌ ንግግር በመስማት ልብስ ሰፊ አይሆንም፤ ከባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ሲሰፋ፥ የጠመመውንም ሲፈታ ይማራል። መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ወጣትም በእውነተኛ ሕፃናት ፊት ቆሞ ያስተምር፤ ልምድ ያለው መምህር ይመልከተው፤ ከትምህርቱ በኋላ ስሕተቱን በፍቅር ይንገረው፤ በማግሥቱም እንደ ገና ያስተምር።

ማዕርግና ሥልጣን ላላችሁ አንባብያን አንድ ቃል እንጨምራለን። በብዙ ስፍራ አንደኛ ክፍል የሚሰጠው ለዐዲሱ መምህር ነው፤ የተመሰገነው ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል። ይህ ግንብ የሚሠራ ሰው ለመሠረቱ ጀማሪውን፥ ለጣሪያው ዋናውን አናጢ እንደ ማዘዝ ነው። መሠረቱ ከተናጋ የላይኛው መምህር ቢደክም ምን ያተርፋል? አንደኛ ክፍልን የሚያስተምር መምህር በክብርም በደመወዝም ከባልንጀሮቹ እንዳያንስ ማድረግ በእናንተ እጅ ነው። ትምህርት ቤት ለመጐብኘት ስትሄዱም ልጆች ተሰልፈው የሚያሰሙትን መዝሙር ሰምታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ አንዱን ሕፃን ጠርታችሁ ያላጠናውን ገጽ አስነብቡት።

ለአባቶችና ለእናቶችም የሚበቃ ሥራ አለ። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ልጁን አስነብቡት። ማንበብ የማትችል እናት ብትሆንም «ምን ይላል? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ ልጁም እናቱን ለማስረዳት ሲል የበለጠ ያስተውላል። ሲሳሳት አትሣቁበት፤ የተሣቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ወንዱን አስነብባችሁ ሴቲቱን ወደ ማድ ቤት አትስደዱ። በቤትም ቢያንስ አንድ የልጅ መጽሐፍ ይኑር፤ ለልብስና ለድግስ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢተርፍ ቤት አይጐድልም።

የዚያን ወጣት ገበሬ ጉዳይ ፍጻሜ ሳንነግራችሁ ብንቀር ቅር ይላችኋል። ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ክርክሩ በአምስት መከር ተስማምቶ አለቀ። ሁለት መከር በከንቱ ቢቀርበትም እርሻው አልጠፋበትም። የስምምነቱ ወረቀት በተጻፈ ጊዜ ወጣቱ «ሳላውቀው ሁለተኛ አልፈርምም» ብሎ ታናሽ እኅቱን ይዞ መጣ። ልጅቱ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የምትማረውም እርሱ አራት ዓመት በዋለበት ትምህርት ቤት ነው። ወረቀቱን ተቀብላ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያሳለፈች ቀስ ብላ አነበበች። «ተከራይ» የሚለው ላይ ጥቂት ተደናቀፈች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ አቃናችው። «አምስት» የሚለው ላይ በደረሰች ጊዜ ወንድሟ አስቁሟት «እርግጥ አምስት ይላል?» አላት። እርሷም አ፥ ም፥ ስ፥ ት ብላ አንድ በአንድ አሳየችው። ከዚያ በኋላ ፈረመ።

ማን እንዲህ እንዳስተማራት በጠየቅናት ጊዜ፥ መምህሯ በየሳምንቱ ወደ ጠረጴዛቸው እየጠሩ ብቻዋን እንደሚያስነብቧት ነገረችን። ትምህርት ቤቱ ያው ነው፤ ቤተ ሰቡም ያው ነው፤ በወንድምና በእኅት መካከል የተለወጠው የመምህር ዝግጅት ብቻ ነው።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፥ ልጆቻችሁ ፊደል ሲዘምሩ ስትሰሙ ደስ ይበላችሁ፤ ዳሩ ግን ደስታችሁ ፍጹም የሚሆነው የማያውቁትን ወረቀት ሰጥታችሁ ባነበቡላችሁ ጊዜ መሆኑን አትርሱ። ለዚህም የሚያበቃቸውን መምህር ማዘጋጀት፥ ማክበርና መርዳት የሁላችንም ዕዳ ነው።